የቧንቧው ልጋግ

ባለቤቴ መምህር ሆኖ ጅግጅጋ ሲመደብ እኔም አሰላ የነበረኝን ሥራ ትቼ ተከተልኩት። የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ ብዙም አልቆየም። የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው፤ በማላውቀው ከተማ ምን ሠርቼ እኖራለሁ ብዬ ስጨነቅ፣ ከከተማው ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የግመል ወተት ማቀነባበሪያ የጥራት ተቆጣጣሪ ትፈልጋለች ሲሉ ሰማሁና ሄጄ ጠየቅኩ። በዚያው ቀን ተቀጠርኩ።

የማቀነባበሪያዋ ባለቤት ሃምሳዎቹን ያጋመሱ የጅግጅጋ ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው ቶጎጫሌ ድንበር ላይ ወተት በኩባያ እየሰፈሩ ሸጠዋል፤ ኋላ ጨርቅ ነግደዋል፤ ከዚያ አይሱዙ ገዝተው ሸቀጥ አመላልሰዋል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ሊሉ የፈለጉትን ሳይሉ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። እኔን «አባዮ» ይሉኛል፣ እህቴ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ እንደ ሌላው ሠራተኛ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው።

የጅግጅጋ ሰው የግመል ወተት ጥሬውን ነው የሚጠጣው። ኤዶ ግን አሙቀው፣ አቀዝቅዘው፣ በላስቲክ አሽገው ለሆቴሎችና ለመሥሪያ ቤቶች ማቅረብ ፈለጉ። ጠዋት ጠዋት ከአውበሬ በኩል ሴቶች ወተታቸውን በቢጫ ጄሪካን ሞልተው፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ይመጣሉ። ወተቱ ተጣርቶ ማሞቂያው ውስጥ ይገባል፤ ከማሞቂያው በረጅም ቧንቧ ወደ ማቀዝቀዣው ጋን ይሄዳል፤ ከጋኑ ደግሞ ወደ ማሸጊያው። እኔ ከማሸጊያው አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ሳልጠጣ ሥራ አልጀምርም ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ወድጄው ነበር።

ጽዳቱን የሚመሩት አንድ ጡረታ የወጡ አስር አለቃ ናቸው። ከደጋ አገር መጥተው ዕድሜያቸውን በወታደር ቤት የጨረሱ፣ እዚሁ ጅግጅጋ አግብተውና ወልደው የቀሩ ሰው ናቸው። ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ ካዩ ማን እንዳፈሰሳት ሲያጣሩ ይውላሉ። መሣሪያቸው በረኪና ነው። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ በረኪና በውሃ በጥብጠው በቧንቧዎቹ ውስጥ ያስኬዳሉ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ቧንቧው አፍ አስጠግተው ያሸታሉ።

«አፍንጫ ካላቃጠለ አልጸዳም፣ ልጄ» ይሉኛል። «ካምፕ ውስጥ ስንት ወረርሽኝ ያለፍነው በዚህ ነው።»

ለወራት ምንም አልሆነም። ከዚያ ወተቱ ቀኑ ሳይደርስ መበላሸት ጀመረ። ሆቴሎቹ ላስቲኩን እየመለሱ «ይሸታል» አሉን። ከፍቼ አሸተትኩት። መጎምዘዝ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ወተት ይጎመዝዛል። ይሄኛው ግን ጫማ ውስጥ ታሽጎ የከረመ እርጥብ ካልሲ ነበር የሚሸተው፤ ከሥሩ ደግሞ በረኪና በረኪና ይላል። አስር አለቃው ይህን ሲሰሙ በረኪናውን ጨመሩ። ሽታው ጥቂት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። እንደገና ጨመሩ። ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ዓይናችን ያለቅስ ጀመር፤ ወተቱ ግን ያው ነው።

በዚህ መሀል የኤዶ ልጅ ሠርግ ደረሰ።

ድንኳን ተጥሎ፣ ፍየል ታርዶ፣ ሩዙ በትልልቅ ትሪ ቀርቦ ሰው ትሪውን ከቦ ይበላል። ኤዶ ከራሳቸው ማቀነባበሪያ የወጣ ወተት በባልዲ በባልዲ አስመጡ። ከሌላ ቦታ ማስመጣት ለሳቸው ውርደት ነበር። የሙሽራው እናት፣ ከቶጎጫሌ የመጡ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከኤዶ እጅ ተቀብለው ጠጡ። ሁሉም ጠጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሆዱን ይዞ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ወጣ። ከዚያ የጓሮው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሰልፍ ሆነ፤ ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ያልቻለው በድንኳኑ ጀርባ ተበተነ። ምንጣፉ ላይ ሩዝና ወተት ተመልሶ ወጣ። ሕፃናት እዚያው በተቀመጡበት አቆሸሹ። ሙሽራው ግድግዳ ተደግፎ ነጭ ሸሚዙ ላይ ሲያስመልስ አየሁት፤ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ራቅ ብላ ቆማ ታለቅሳለች። ሽታው ከሽቶውና ከፍየሉ ጮማ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። እኔም ጠጥቼ ነበር። በሌላው ላይ የሆነው ሁሉ በእኔም ላይ ሆነ፤ እሱን መተረክ አልፈልግም።

ከሁሉም የባሰባቸው የሙሽራው እናት ነበሩ። ሆስፒታል ገብተው ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። ይተርፋሉ አይተርፉም እየተባለ ሁለቱም ቤተሰብ አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። በመጨረሻ ተረፉ።

ኤዶ ከሆስፒታል ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው አብጧል።

«ሴቶቹ ናቸው» አሉ። «የአውበሬ ሴቶች። ጄሪካን ቆሻሻ፣ ውሃ ቆሻሻ። ከነገ ጀምሮ በሩን እንዳትከፍቱላቸው።»

«ኤዶ፣ ገና አላጣራንም እኮ።»

«ምን ታጣራለህ፣ አባዮ? የልጄን አማት ልገድል ነበር!»

በማግስቱ ሴቶቹ መጡ፤ በሩ አልተከፈተም። ኤዶ በገበያም ሳይቀር «የአውበሬ ወተት ሰው መረዘ» ማለታቸውን ሴቶቹ መንገድ ላይ ሳሉ ሰምተዋል። ፀሐዩ ጄሪካኖቹን ያጋግላል፤ ዝንቡ ክዳኖቹን ወርሯቸዋል። ከመሀላቸው አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት የብረት ፍርግርግ በሩን በመዳፏ መደብደብ ጀመረች። በሶማልኛ የምትለውን ዘበኛው ይነግረኛል።

«ቅመሱት ነው የምትለው። እዚሁ ፊታችን ቅመሱት።»

ከራሷ ጄሪካን በኩባያ ቀድታ ፊታችን ጨለጠችው፤ ኩባያውንም ደፍታ አሳየችን። በሩ እንደተዘጋ ዋለ፤ ወተቱም ተበላሸ። ግማሹን መንገድ ዳር ደፍተውት ሄዱ፤ ነጩ ወተት ከአቧራው ጋር ቦክቶ፣ ዝንብ ለብሶ ለቀናት ሸተተ።

እኔ ከመሄዳቸው በፊት ከየጄሪካናቸው ትንሽ ትንሽ ለምኜ ወስጄ ነበር። ከዚያ በፊት ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀመጥኩት የእኛም ናሙና ነበረኝ፤ ከማሞቂያው መውጫ፣ ከጋኑና ከማሸጊያው የቀዳሁት። ሁሉንም ባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ቀብቼ ሙቀት ውስጥ አቆየሁት። ስከፍታቸው የሴቶቹ ወተት እንደማንኛውም ጥሬ ወተት ነው፤ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አብቅሏል። ከማሞቂያው የወጣው ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። የጋኑ ሳህን ላይ ብዙ በቅሏል፤ የማሸጊያው ሳህን ደግሞ ጭራሽ ባዶ ቦታ አልነበረውም። ከዳር እስከ ዳር የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነገር ሸፍኖታል። ክዳኑን ስከፍተው ያ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ፊቴን መታኝ።

ማሞቂያው የገደለውን ባክቴሪያ፣ ከማሞቂያው በኋላ ያለ አንድ ነገር ወተቱ ውስጥ እንደገና ይዘራዋል ማለት ነው። ወደ አስር አለቃው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቧንቧውን እንፍታው።»

«ለምን?»

«ውስጡን እንየው።»

ተቆጡ። «ትናንት በእጄ ነው በረኪና ያስኬድኩበት። ከዚህ ቧንቧ የበለጠ ንጹህ ነገር ጅግጅጋ ውስጥ የለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ውስጡን ማናችንም አይተነው አናውቅም።»

ሄደው ጅራቱቦ፣ የቧንቧ መፍቻውን፣ ይዘው መጡ። ቧንቧው ከውጭ ሲያዩት መስታወት ነው፤ ፊት ያሳያል። መታጠፊያው ላይ ያለችውን ጎሚቶ፣ ክርን መሳዩን ማያያዣ፣ ሲፈቱ መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ነበር፤ እግር ከጭቃ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ ሽታው። ከዚያ ልጋጉ።

ጣቴን አስገባሁ። ብረት አልነካሁም። የነካሁት ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ ነገር ነው፤ የበሽተኛ ምላስ የጨበጥኩ መሰለኝ። ስስበው አይቆረጥም፤ እንደ አክታ ይጎተታል። ቢጫ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሮዝ ነው፤ የጎማ ማያያዣው ዙሪያ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ጠጉር ያበቀለ ይመስላል። በየጠዋቱ የምጠጣው ወተት በዚህ ላይ እየተንሸራተተ፣ ይህን እየላሰ እንደሚመጣ አሰብኩ። ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ሮጬ አስመለስኩ። አፌን ተጉመጥምጬ ስመለስ ጣቴን አየሁት፤ ክሩ አሁንም ተንጠልጥሎበታል። እንደገና አስመለስኩ።

አስር አለቃው አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸው ደም የለውም። ከዚያ ያልተበጠበጠ በረኪና አምጥተው ጎሚቶው ውስጥ አፈሰሱ። ላዩ ነጣ፤ ደስ ያላቸው መሰሉ። ቆይተው በጨርቅ ሲጠርጉት ከነጣው ሥር ያው ቢጫ ልጋግ ብቅ አለ።

«አልሞተም» አሉ።

«ላዩ ሞቷል፤ ታቹ አልሞተም» አልኳቸው። «ባክቴሪያዎቹ ብረቱ ላይ ይጣበቁና ይህን ልጋግ ራሳቸው ይሠሩታል። መጽሐፉ ባዮፊልም ይለዋል። ልጋጉን እንደ ጣሪያ አድርገው ከሥሩ ይኖራሉ። በረኪናው ጣሪያውን ሲታገል ጉልበቱ ያልቅና እነሱ ጋ አይደርስም።»

ኤዶ የተፈታውን ቧንቧ ሊያዩ መጡ። ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ሱብሃነላህ። ይሄ ከአውበሬ ነው የመጣው?»

«ዘሩ ከየትም ሊመጣ ይችላል ኤዶ። ያደገው ግን እዚህ ነው።»

የተደፋ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ጎሚቶውን እያዩ «ዝጉት» አሉ። ቧንቧውን መልሰን እንድንገጥመው፣ ነገሩንም እንድንደብቀው መስሎኝ ልከራከር ስል፣ እጃቸውን በክፍሉ ሁሉ ላይ አዙረው «ይሄን ሁሉ። ቤቱን ዝጉት» አሉኝ።

በማግስቱ የሙሽራው እናት ወዳገገሙበት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። አዲሶቹ ሙሽሮች የተከራዩት ቤት ነው። መንገድ ላይ «አንተ ታስረዳለህ፣ እኔ አፌ እምቢ ይላል» ሲሉኝ ነበር፤ ስንደርስ ግን ራሳቸው ጀመሩ። ሶማልኛውን እየቆራረጥኩ እሰማለሁ፤ ያመለጠኝን ኋላ ኤዶ ነግረውኛል።

አሮጊቷ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል። እጃቸው ቆዳና አጥንት ሆኗል።

«ያሳመመዎት የሴቶቹ ወተት አይደለም» አሏቸው ኤዶ። «የእኔ ቧንቧ ነው። ውስጡ በስብሷል።»

«በስብሷል ስትይ ምን ይመስላል?»

ኤዶ ወደ እኔ ዞሩ። እንዴት አድርጌ እንደምለው አላወቅኩም። «ንፍጥ ይመስላል» አልኩ በአማርኛ፤ ኤዶ ተረጎሙት። አሮጊቷ ፊታቸው ተጨማደደ፤ መሀረባቸው ውስጥ ምራቃቸውን ተፉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄን ልጄ እንዳይሰማ። ከሠርጉ ወዲህ ከልጅሽ እጅ ውሃ አይቀበልም። እሷ የሠራችውን አይበላም፤ ሆቴል በልቶ ነው የሚመጣው። እሷን ሲያይ ያ ቀን ይመጣበታል። ይሄን ከሰማ ይፈታታል።»

ኤዶ ደነገጡ። ልጃቸው ይህን አልነገረቻቸውም ነበር። «ለአውበሬ ሴቶችስ ምን ልበል?» አሉ። «ስማቸውን በገበያ አጥፍቻለሁ። ለነሱ ከነገርኩ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ከተማው ከሰማ እሱም ይሰማል።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እዚያ መቀመጥ ከበደኝ፤ ተነስቼ ልወጣ ስል አሮጊቷ በእጃቸው አስቀመጡኝና ልጃቸውን ጠሩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማው በእናቱ ፊት ይስማው ብለው ነው። ገብቶ በር ላይ ቆመ፤ ኤዶ አንድም ሳይቀንሱ ነገሩት። የቧንቧውን ልጋግ ሲገልጹለት እጁን ወደ አፉ ወሰደ።

«ያስመለሰህ የሷ እጅ አይደለም» አሉት እናቱ። «ብረት ነው። እኔ ነኝ ከሁሉ የታመምኩት፤ የምበላው ግን ከሷ እጅ ነው።» ከዚያ ምራታቸውን ጠርተው ውሃ አምጪለት አሏት።

ሙሽራዋ በብርጭቆ ይዛ መጣች። የምትቆምበትን አታውቅም። ልጁ ተቀበለ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ውስጡን አየው፤ ሥሩን አየው። ዓይኑን ጨፍኖ ግማሹን ጠጣና መለሰላት። አላመሰገነም፤ ፈገግ አላለም። ግን ጠጣ። ኤዶ ስንወጣ በር ላይ ቆመው አለቀሱ፤ «ልጄ ይሄን ሁሉ ተሸክማ ዝም አለችኝ» እያሉ።

ከዚያ ሥራው መጣ። ቧንቧው ለምን እንዳልጸዳ ገብቶኛል፤ በምን እንደሚጸዳ ግን በርግጠኝነት አላውቅም። ያንን የቆሸሸ ብረትና የጎማ ቱቦ በትንንሹ አስቆረጥኩ፤ በክር እያሰርኩ ወተት ውስጥ ሰቀልኳቸው። ልጋጉን በእጄ አሳደግኩት ማለት ነው። የምሠራባት የኋላ ክፍል ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል፤ ዘበኛው ሳይቀር ዞሮ ነበር የሚያልፈው። በየቀኑ ቁራጮቹን አውጥቼ አንዱን በበረኪና፣ አንዱን በፈላ ውሃ፣ አንዱን በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ፣ አንዱን በአሲድ እነክራለሁ፤ ከዚያ በጥጥ ጠርጌ ሳህን ላይ እቀባለሁ፣ የተረፈ ካለ ይበቅላል። ሽታው ልብሴ ውስጥ ገባ፤ ጠጉሬ ውስጥ ገባ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነክተሽ መጣሽ?» ይለኛል ባለቤቴ፤ ትሪውን ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል። አልፈርድበትም። እኔም የራሴን ጣት ለመላስ ድፍረት አጥቼ ነበር። ሻይ ቤት ስገባ የማንቆርቆሪያውን ጡት አያለሁ። ጭማቂ ቤት ስገባ የመፍጫውን ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቱን፣ ነው የማስበው። የቤታችንን የውሃ በርሜል ግድግዳ በጣቴ ስዳስሰው ሲያሟልጨኝ ጮህኩ፤ ጎረቤት እባብ የገባ መስሎት መጣ።

ቀስ በቀስ መልክ ያዘልኝ። በረኪና ብቻውን ምንም ያህል ቢበረታ ልጋጉ ተመልሶ ይመጣል። ሙቅ ኮስቲክ ሶዳ በብሩሽ ሲታሽ ቅባቱንና ልጋጉን ያነሳል፤ ከሥሩ ግን ወተቱ ሲሞቅ የተወው ድንጋይ መሳይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል፤ የቀሩት ባክቴሪያዎች ስንጥቁ ውስጥ ይደበቃሉ። ቅርፊቱን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ይህ ሁሉ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ማምከኛው ባዶ ብረት ያገኛል፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ኤዶ በቶጎጫሌ ነጋዴዎች በኩል ፐርአሴቲክ አሲድ የሚባለውን ማምከኛ አስመጡልኝ፤ ኮምጣጤ አፍንጫ ውስጥ የፈሰሰ ያህል ነው የሚሸተው። በኔ ቁራጮች ላይ ከበረኪናው የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። የተሰነጠቀውን ጎማ ግን ምንም ነገር ሊያጸዳው አልቻለም።

አስር አለቃው ሙከራዬን ከሩቅ ይከታተሉ ነበር። ከዚያች ጎሚቶ ወዲህ ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን የውሃ ቦቴው ቀረና ማጠቢያ ውሃ አጠረን። ኮስቲኩ ከታጠበ በኋላ አሲዱ፣ አሲዱ ከታጠበ በኋላ ማምከኛው እንደሚመጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ በየመሀሉ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። እሳቸው ውሃ ለመቆጠብ ብለው አሲዱንና አሁንም ያልተዉትን በረኪና አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጡት።

ሳሉን ነው የሰማሁት። ሮጬ ስደርስ ከባልዲው ቢጫ አረንጓዴ ጭስ እየተነሳ ወለሉን ይሸፍናል፤ አስር አለቃው ተንበርክከው ደረታቸውን ይዘዋል። ትንፋሼን ይዤ፣ ዘበኛው በአንድ ክንዳቸው እኔ በአንድ ክንዳቸው ጎትተን ደጅ አወጣናቸው። ከአፋቸው አረፋ ይወጣል። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ አክታ ሲተፉ፣ ሲያዝኑ፣ ይቅርታ ሲጠይቁ ሄድን።

ኦክስጅን ተደርጎላቸው ሲሻላቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ድምፃቸው ሻክሯል።

«ሁለቱንም መድፍ ባንድ ጊዜ ተኮስኩ» አሉኝ።

«መድፎቹ እርስ በርስ ተዋጉ ጋሼ። ሁለቱ ከተገናኙ መርዝ ጋዝ ነው የሚወጣው። ይህን ቀድሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።»

«አይ፤ እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ያ ልጋግ እኮ በሕልሜ ይመጣብኛል፣ ልጄ። ሃያ ጊዜ አሽትቼዋለሁ ንጹህ ነው እያልኩ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲመለሱ የመጀመሪያ ሥራቸው አሲዱን በአንድ ክፍል፣ በረኪናውን በሌላ ክፍል ቆልፎ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ነበር።

ኤዶ ረጅሙን ቧንቧ አስነቅለው አጭር አስተከሉ፤ መታጠፊያዎቹን በእጅ የሚፈቱ፣ ብሩሽ የሚያስገቡ አደረጓቸው። የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ጣሉ። ከዚያ ወደ አውበሬ ሄድን።

ሴቶቹ ሚኒባስ የሚጠብቁበት ጥላ ሥር አገኘናቸው። ረጅሟ ሴት ኤዶን ስታይ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ኤዶ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው። ሲጨርሱ ረጅሟ ሴት ዞረች።

«እኔን ያሰደብሽኝ እዚህ አይደለም» አለቻቸው። «ጅግጅጋ ገበያ መሀል ነው። እዚያው ሄደሽ በዚያው አፍሽ ተናገሪ።»

ኤዶ ነጋዴ ናቸው፤ ስም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ግን በማግስቱ ወተት ተራ መሀል ቆመው፣ ሴቶቹ ከበዋቸው፣ በሶማልኛ ከፍ ባለ ድምፅ ተናገሩ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሻጭ መሬት ላይ ተፋች። ከሆቴሎቹ ገሚሶቹ ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሰው አልመጡም፤ ሠርጉ ላይ የነበሩ ሰዎች የላስቲኩን ወተት ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። የአውበሬ ሴቶች ግን ጄሪካናቸውን ጭነው ተመለሱ፤ ረጅሟ ሴት ከፊት ሆና ገባች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ።

ማቀነባበሪያዋ ሥራ ጀመረች፤ ወተቱም ቀኑን ጠብቆ መቆየት ቻለ። እኔ ግን መጠጣት አልቻልኩም። ሳህኑ ላይ አንድም ነገር አለመብቀሉን በዓይኔ እያየሁ፣ ብርጭቆውን ወደ አፌ አስጠጋና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ዝውውር ደርሶት ከጅግጅጋ እስክንወጣ ድረስ አልጠጣሁም።

እስከዚያው ድረስ በየሳምንቱ መታጠፊያዎቹን እንፈታ ነበር። አስር አለቃው ብሩሽ ይዘው፣ እኔ ባትሪ እያበራሁ። ብዙውን ጊዜ ብረቱ ባዶና ደረቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ ሁሉን በትክክል ሠርተን ሳለ፣ ከአንዷ ጎሚኒ ጀርባ ቀጭን የሚያሟልጭ ክር ይወጣል። አስር አለቃው በመቆንጠጫ ይዘው፣ ከፊታቸው አርቀው ያዩታል። «ይኸው፣ መጥቷል» ይላሉ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ከዚያ ውሃው እሳት ላይ ይጣዳል፣ ኮስቲኩ ይበጠበጣል፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን።